አማቴ ውሃ ያልጠጡበት ቀን

እኔ እንጀራዬን የምበላው ሰው በመናቅ ነው። አትቆጡኝ፤ ሥራዬን ስነግራችሁ ይገባችኋል። ላስ ቬጋስ ውስጥ ባለ ዘጠኝ ወንበር ቫን አለችኝ። ጠዋት ከየሆቴሉ ቱሪስት ፒክ አደርግና ከከተማ ወጣ ብለው ወዳሉት ቀያይ ቋጥኞች እወስዳለሁ። እዚያ የጥንት ሰዎች ድንጋይ ላይ የፋቋቸው ሥዕሎች አሉ። ጠመዝማዛ መስመር፣ ቀንዳም ፍየል፣ ጣቱ የተንጨፈረረ ሰው። ምን ማለት እንደሆኑ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው የለም። እኔ ግን እናገራለሁ! "ይቺ ጠመዝማዛ የዝናብ ጸሎት ናት፤ ይሄ ፍየል ደግሞ ለአንዲት ሙሽራ የተሰጠ ጥሎሽ ነው" እላቸዋለሁ። አፋቸውን ከፍተው ይሰሙኛል። ከዚያ ፀሐዩ ያዝላቸዋል፣ ይጠማቸዋል፣ ሽንት ቤት ይፈልጋሉ። ይሄኔ "ጥሩ ማረፊያ አውቃለሁ" ብዬ አንድ የጌጣጌጥ ሱቅ በር ላይ አቆማለሁ። ሽንት ቤቱ ያለው ከሱቁ መጨረሻ ነው፤ መደርደሪያውን ሁሉ ሳያልፉ አይደርሱበትም። የደከመው ሰው ደግሞ ይገዛል። ባለሱቁም ኮሚሽኔን ያስብልኛል።

ሀገር ቤት እያለሁ የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። ዲቪ ደርሶኝ ቬጋስ ስገባ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የሆቴል ምንጣፍ ስጠርግ አሳለፍኩ፤ ኋላ ነው ቫኗን ይዤ የጥንት ታሪክ አስጎብኚ የሆንኩት። ድንቄም ታሪክ! ቱሪስቱ በአፌ "ሰር" እና "ማዳም" ነው፤ በሆዴ ግን በግ ነው። ለበጎቹ ብቻ እንዳይመስላችሁ ንቀቴ። አስጎብኚ የሚባለውንም ዘር ሁሉ እንቅ ነበር፤ ምክንያቱም ራሴን አውቃለሁ። ባለፈው ሰመር አማቴን ልገድላቸው የነበረውም በዚሁ እውቀቴ ነው።

አማቴ ወይዘሮ የሺ ይባላሉ፤ እማማ እላቸዋለሁ። የደሴ ሰው ናቸው። ጌታን ያገኙት በስተርጅና፣ ልጃቸው ሰናይት እኔን ካገባች በኋላ ነው። ሃይማኖታቸውን ይለውጡ እንጂ የአማችን ወግ ንክች አላደረጉትም። ሴንቴኒያል ሂልስ የሚባል ሰፈር ካለው ቤታችን አብረውን መኖር ከጀመሩ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ፊቴ ጎርሰው አያውቁም። አንቱ ነው የሚሉኝ። ስሜን አይጠሩም። እኔ ሳሎን ከተቀመጥኩ መታጠቢያ ቤት ለመግባት እንኳ ቴሌቪዥኑ ጮክ እስኪል ይጠብቃሉ። ሰናይት "እማዬ፣ ይሄ እኮ አሜሪካ ነው" ስትላቸው፣ "አሜሪካ ቢሆንስ? አማች አማች መሆኑ ይቀራል?" ይሏታል። እኔ በሆዴ እስቃለሁ። ኋላቀር ናቸው እላለሁ፣ በሆዴ።

እማማ የአሜሪካ ፓስፖርት እንዳገኙ ሰናይት አንድ ቦታ ልንወስዳቸው ይገባል አለች። የት እንደሚፈልጉ ሲጠየቁ፣ "ሐዋርያው ጳውሎስ የሰበከባትን ኤፌሶንን ባያት ደስ ይለኛል" አሉ። ከዚያ በፊት ምንም ነገር ሲለምኑ ሰምቻቸው አላውቅም። ስለዚህ ከግሪክ ተነስቶ ቱርክ ደርሶ የሚመለስ መርከብ ላይ ቲኬት ቆረጥን።

መርከብ መርከብ ሲሉ የምትሰሟቸው ሰዎች እንዳያታልሏችሁ። ከቬጋስ ሸሽቼ ሄጄ የተሳፈርኩት ቬጋስ ላይ ነው! ካዚኖ አለው፣ ቡፌ አለው፣ ቁምጣ ለብሶ ከጠዋት ጀምሮ ሳህን ይዞ የሚዞር ሕዝብ አለው። በየወደቡ ሲደርሱ ይሄው ሕዝብ ደረቱ ላይ ቁጥር ለጥፎ፣ ባንዲራ ከያዘ ሰው ኋላ ተሰልፎ ይነዳል። እኔ በዚህ መንጋ ውስጥ አልገባም አልኩ። ለኤፌሶኑ ቀን የግል አስጎብኚ ያዝኩ፤ አንድ ቫን፣ አንድ ሾፌር፣ አንዲት አስጎብኚ፣ ለኛ ብቻ። የመርከቡ ሰዎች "በግላችሁ የምትወጡ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ካልተመለሳችሁ መርከቡ አይጠብቃችሁም" ብለው አስጠነቀቁን። "ለኔ ነው የምትነግሩኝ?" ብዬ ሳቅኩባቸው።

ለኤፌሶን ቅርብ የሆነው የቱርክ ወደብ፣ ኩሻዳሲ የደረስን ጠዋት ሰናይት ባሕሩ አናውጧት ከአልጋዋ መነሳት አቃታት። "ሂዱ፣ እኔን ተዉኝ። እማዬ ይሄን ቀን ነው ስትጠብቅ የኖረችው" አለች። እማማ ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መሬቱን አዩ። በኋላ ሳስበው፣ ቀኑን ሙሉ ከአማቻቸው ጋር ለብቻቸው ሊውሉ መሆኑን ያወቁት ያን ሰዓት ነው። ቁርስ ላይ ሻይ አልጠጡም። ውሃም አልጠጡም። እኔ ግን ይሄን ልብ አላልኩም፤ ስልኬን እያየሁ ነበር።

ወደቡ በር ላይ ስሜን በወረቀት ጽፋ የቆመችው አስጎብኚ ኤሊፍ ትባላለች። አምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ጃንጥላ የያዘች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። እማማን ክንዳቸውን ይዛ ቫኑ ላይ አወጣቻቸው። እኔ ከሾፌሩ አጠገብ ገቢና ተቀመጥኩ። መንገድ እንደጀመርን ኤሊፍ በእንግሊዝኛ እንዲህ አለችኝ፦

"ፍርስራሹ ጋ ከመድረሳችን በፊት አንድ የምንጣፍ ቤት አለ። ጥላ አለው፣ ንጹሕ ሽንት ቤት አለው፣ ሻይ ይሰጣሉ። ዛሬ ሙቀቱ ከባድ ነው፤ እናትህ አሥር ደቂቃ ቢያርፉ ጥሩ ነው።"

ወይ ጉድ! በጠዋቱ፣ ገና ሳይደክመን! እኔ እንኳ ሲደክማቸው ነው ሱቅ የምወስዳቸው። ሌባ ሌባን ያውቃል አይደል የሚባለው? ፈገግ አልኩና "አያስፈልግም" አልኳት።

"ምን አለች?" አሉ እማማ ከኋላ።

"ምንጣፍ ልሽጥላችሁ ነው የምትለው።"

"ኧረ ይቅርብን። ምንጣፍ ምን ያደርግልናል" አሉ።

አያችሁ፣ ይሄ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ግማሽ ነው። የምንጣፉን ተረጎምኩ፣ የሽንት ቤቱን ተውኩ።

ኤፌሶን ሁለት በር አላት፣ የላይና የታች። ጎብኚ ከላይ ይገባና በእብነ በረዱ መንገድ ቁልቁል እየሄደ ከታች ይወጣል። የላይኛው በር ላይ ስንደርስ የሽንት ቤቱ ሰልፍ እስከ ትኬት ቆራጩ ደርሷል። ኤሊፍ ወደ እማማ ዞር ብላ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች፣ በሌላው እጇ ወደ ሽንት ቤቱ ጠቆመች፣ ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ "ከዚህ በኋላ እስከ ታችኛው በር ድረስ ሽንት ቤት የለም። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ጠይቃቸው" አለችኝ።

እኔ! ለአማቴ! "ሽንት ቤት ይሄዳሉ ወይ?" ልበል? መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ኋላቀር የምለውን ወግ ለካ እኔም ተሸክሜው ነው የምዞረው። ደግሞ ሰልፉን አየሁት፤ ግማሽ ሰዓት ይበላል። ቢፈልጉ ኖሮ ይሉኝ ነበር አልኩ ለራሴ።

"ምን አለች?" አሉ እማማ።

"ስለ በሩ ድንጋይ ነው። ጥንት ነው የተሠራው ትላለች።"

እማማ ወደ ሽንት ቤቱ አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። "እሺ" አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ተከተሉኝ።

ወረድን። ምሰሶ በምሰሶ፣ ድንጋይ በድንጋይ። ኤሊፍ ታስረዳለች፣ እኔ አንዱን ተርጉሜ ሦስቱን እተዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ አስጎብኚ ነበረች። የማታውቀውን "አናውቅም" ትላለች፣ "እዚህ ላይ ሊቃውንቱ አልተስማሙም" ትላለች። ይሄ ይበልጥ አናደደኝ። ማን ላይ ነው የምትመጻደቀው? በየመሃሉ ፀሐዩን እያየች፣ "እናትህ ውሃ አልጠጡም" ትለኛለች። "የቬጋስ ሰዎች ነን እኮ፤ ይሄ ለኛ ብርድ ነው" አልኳት።

መሃል ላይ አንድ ቦታ አለ። ከእብነ በረድ የተጠረበ ረጅም አግዳሚ፣ ጎን ለጎን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው። የጥንቶቹ ሰዎች የሕዝብ ሽንት ቤት ነው። ቱሪስቱ በሙሉ እየተንጫጫ ተራ በተራ ተቀምጦ ፎቶ ይነሳል። ኤሊፍ ፎቶውን ትታ እማማን ታያለች። እማማ አንድ ጥግ ላይ ቆመው፣ ሁለት እጃቸውን ነጠላቸው ሥር አጣምረው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ድንጋዩን ያያሉ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ።

"መቀመጫ ነው። ገበያተኛ የሚያርፍበት" አልኳቸው።

ኤሊፍ ክንዴን ይዛ ወደ ጎን ወሰደችኝ። "ስማኝ፣ እኚህ ሴት ደህና አይደሉም። ላባቸው ቆሟል። ለሾፌሩ ልደውልለት፣ በአቋራጭ ወደ ታች እንውረድ፣ አንድ ቦታ ጥላ ሥር ይረፉ።"

"የት ጥላ ሥር?"

"የትም። ሻይ ቤት፣ ሱቅ፣ የትም ይሁን።"

ሱቅ! ቃሉን ከአፏ ስሰማ ክርክሩን ያሸነፍኩ መሰለኝ። "እህቴ፣ ስሚ። ቬጋስ ውስጥ ያንቺን ሥራ ነው የምሠራው። ሲደክማቸው ሱቅ፤ ሱቁ ውስጥ ሽንት ቤት። እኔ ላይ አትሥሪው" አልኳት።

አልተቆጣችም። ከቦርሳዋ ያልተከፈተ ውሃ አወጣችና እማማ እጅ ላይ አደረገች። በእጇም "ጠጪ፣ ጠጪ" አለቻቸው። እማማ ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ጎንበስ ብለው አመሰገኑ፣ ሳይከፍቱ ያዙት። "አልጠማኝም፤ ጌታ ይባርክሽ ይበሉልኝ" አሉኝ፤ ያኔም እንኳ አንቱታዬን አልረሱም።

"አልጠማኝም ነው የሚሉት። ሰማሽ?" አልኳት ኤሊፍን። በድል።

አሁን ትልቁ ቲያትር ጋ ደረስን። ሕዝቡ በጳውሎስ ላይ የጮኸበት ነው የሚባለው። እማማ ከቬጋስ መኝታ ቤታቸው ሆነው ዓመታት ሲያስቡት የኖሩት ቦታ ይሄ ነው። ሦስት ደረጃ ወጥተው ተቀመጡ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ላነሳቸው ስል ወደኔ ቀና ብለው፣ "መስፍን" አሉኝ።

በስድስት ዓመት ስሜን ሲጠሩ የመጀመሪያቸው ነው። ክው አልኩ።

"መስፍን፣ ዝናቡ መጣ። ልብሱን አስገባው እንጂ።"

ሰማዩን አየሁ። የደመና ዘር የለም። "እማማ?" ብዬ ስጠጋ ጠርሙሱ ከእጃቸው ወደቀና በደረጃው ላይ ተንከባለለ። እሳቸውም ወደ ጎን ዘመም አሉ። ጭንቅላታቸው ድንጋዩን ሳይመታ በፊት የያዘቻቸው ኤሊፍ ናት። እኔ ስልኬን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር።

ተሸክሜያቸው ሮጥኩ። የቀለሉት ነገር! አማቼ ይንካኝ ብለው በሕልማቸውም የማያስቡ ሴት፣ ነጠላቸው እየተጎተተ፣ እግራቸው እየተወዛወዘ፣ ቁምጣ ለባሹ ሁሉ እያየን። ኤሊፍ ከፊቴ "መንገድ! መንገድ!" እያለች በቱርክኛም በእንግሊዝኛም ትጮኻለች። ሾፌሩን ታችኛው በር ላይ ጠብቀን ብላ ቀደም ብላ ደውላለት ኖሯል፤ እኔን ሳታስፈቅድ። ስላላስፈቀደችኝ ነው ዛሬ እማማ በሕይወት ያሉት።

የከተማዋ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሐኪሙ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቀኝ። "ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?"

"እ... የደም ግፊት መሰለኝ።"

"ስሙ?"

አላውቅም። ስድስት ዓመት አንድ ቤት ኖረን አላውቅም። ኤሊፍ የእማማን ቦርሳ ከፈተችና አንዲት ትንሽ ካርቶን አውጥታ ሰጠችው። "ጠዋት ቫኑ ውስጥ ይቺን ያለ ውሃ ሲውጡ አይቻቸዋለሁ" አለች። ሐኪሙ ካርቶኑን አነበበና ራሱን ነቀነቀ። ውሃ ከሰውነት የሚያስወጣ የግፊት ኪኒን ነው። በላዩ ላይ ሙቀት፣ በላዩ ላይ ውሃ አለመጠጣት። "ጨውም ውሃም አልቆባቸዋል። ኩላሊታቸው እየደከመ ነው። የሚቀጥሉት ሰዓታት ይወስናሉ" አለኝ።

ለሰናይት ደወልኩ። ምን እንዳልኳት አላስታውስም፤ "ወርጄ እየመጣሁ ነው" ብላ ጠረቀመችው። ነርሶቹ እማማን ልብሳቸውን ሊያወልቁና የሽንት ቱቦ ሊያስገቡ መጋረጃውን ሳቡት። እኔ ተገትሬ ቀርቻለሁ። ኤሊፍ ደረቴ ላይ እጇን አድርጋ ወደ ውጭ ገፋችኝ። ከዚያ ግን ቆም አለችና፣

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። የነገርኩህን ነግረሃቸዋል? ስለ ሽንት ቤቱ፣ ስለ ማረፊያው?"

"ነግሬያቸዋለሁ" አልኳት።

ብቻ አየችኝ። አያችሁ፣ እኔ በቫኔ መስታወት በጎቼን የማይበትን ዓይን አውቀዋለሁ። በዚያ ዓይን ነው ያየችኝ። ከዚያ መጋረጃውን ገልጣ ገባችና የእማማን እጅ ይዛ ተቀመጠች። የቀኑ ሥራዋ ካለቀ ቆይቷል።

መርከቡ በሰዓቱ ሄደ፤ እኛ ሦስታችንም እዚያው ቀረን። ሰናይት ሻንጣ እንኳ ሳትይዝ በታክሲ በራ ስትደርስ እማማ ገና ዓይናቸውን መግለጣቸው ነበር። "እማዬ! ምን ሆነሽ ነው? ምን አደረግካት? ቀኑን ሙሉ ውሃ አልሰጠሃትም?" እያለች በመካከላችን ትዞራለች። አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር እግዜር ይወቀው።

"ተያቸው" አሉ እማማ፣ በሌለ ድምፃቸው። "ይጠጡ፣ ይረፉ እያሉ ሲለምኑኝ ነው የዋሉት። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።"

ሰናይት ደረቴ ላይ ወድቃ አለቀሰች። "ይቅርታ፣ ይቅርታ መስፍኔ፣ ደንግጬ ነው" አለችኝ። እኔም ጀርባዋን ዳበስኩላት። አይዞሽ አልኳት። ሰው ከዚህ በታች ወዴት ይወርዳል?

ከአራት ቀን በኋላ እማማ በእግራቸው ከሆስፒታሉ ወጡ። ኤሊፍ በየቀኑ እየመጣች ነበር፤ የሌሊት ልብስ አምጥታላቸዋለች፣ ፀጉራቸውን አበጥራላቸዋለች። በማይግባቡበት ቋንቋ ሁለቱ ሲያወሩ ይውላሉ። አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም።

ቬጋስ በገባን በሁለተኛው እሑድ ፓስተሩ "ምስክርነት ያለው?" ሲል እማማ ከመቀመጫቸው ተነሱ። በጉባኤ ፊት ተናግረው የማያውቁ ሴት! ማይኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጌታ ከሞት እንዴት እንዳወጣቸው ተናገሩ። "ልጄ፣ የልጄ ባል፣ በዚያ ፀሐይ ተሸክመውኝ ሮጡ። ጌታ እሳቸውን ባያዘጋጅልኝ ዛሬ አልቆምም ነበር" አሉ። ሕዝቡ ሃሌሉያ! አለ። እልልታው ቀለጠ። ፓስተሩ "ወንድም መስፍን፣ እስቲ ተነስ እንይህ" አለ። እኔስ? ተነሳሁዋ። ቆሜ ጭብጨባውን ጠጣሁት። አንዱ ወንድም ትከሻዬን መታ አድርጎ "አማች እንዲህ ነው!" አለኝ። ያን ቀን ራሴን የናቅሁትን ያህል አንድም ቱሪስት ንቄ አላውቅም።

ሰናይት ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደምትሠራበት ሆቴል ሺፍት ሄዳ ስለነበር እማማን ወደ ቤት ይዤ የተመለስኩት እኔ ነኝ። እንደ ልማዳቸው ከኋላ ተቀምጠዋል። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም አላስቻለኝም።

"እማማ፣ ለምን ዋሹልኝ?"

በመስታወቱ ዓይኔን ፈልገው ያዙት።

"አንተስ ለምን ዋሸኸኝ?" አሉኝ። አንተ! "ሴትዮዋ ሆዷን ይዛ ሽንት ቤቱን እየጠቆመች ስታወራ፣ ስለ ድንጋይ ነው አልከኝ። እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ዓይን ግን አለኝ። ያንን የድንጋይ ሽንት ቤትም መቀመጫ ነው አልከኝ። መቀመጫ ቀዳዳ ምን ያደርግለታል?"

"ታዲያ ካወቁ ለምን ዝም አሉ?"

"ምን ልበል? በባዕድ ሰው ፊት አማቼን ውሸታም ላድርገው? ልጄ የመረጠችውን ሰው?"

"ሊሞቱ ነበር እኮ!"

"ነበር። ሞኝነት ነው። አሁን ቢሆን ጥዬህ ነበር የምሄደው።"

ከኋላችን ያለው መኪና ክላክሱን ለቀቀብን። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ኖሯል።

አንባቢዎቼ፣ ይሄ ሰው ተለወጠ ብላችሁ እንዳትጠብቁኝ። ሱቁ በር ላይ ዛሬም አቆማለሁ፤ የምበላው ከዚያ ነው። ብቻ አሁን ከከተማ ሳንወጣ አንድ ነዳጅ ማደያ ላይ አቆምና "ሽንት ቤት እዚህ ነው፣ ውሃም ያዙ፣ ወደፊት የለም" እላለሁ። ድንጋዩ ጋ ስንደርስም "ምን ማለት እንደሆነ አናውቅም" እላለሁ። ቲፑ ቀንሷል። ሰው እውነት ሲነግሩት ቅር ይለዋል።

እናንተን ግን ልጠይቃችሁ። እናት አባታችሁን ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ ኢሚግሬሽን ይዛችሁ ሄዳችሁ ታስተረጉማላችሁ አይደል? ሐኪሙ አምስት ደቂቃ ሙሉ ተናግሮ፣ "ምን አለ?" ሲሏችሁ "ምንም አይደለም፣ ደህና ነሽ ነው የሚለው" የምትሉ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ቸኩላችሁ፣ አፍራችሁ፣ ወይ እነሱ ምን ይገባቸዋል ብላችሁ። ያዩዋችኋል። ሐኪሙ ፊቱን ሲያጨማድድ፣ እናንተ ሰዓታችሁን ስታዩ ያያሉ። የሚበዙት ዝም ይላሉ፣ እናንተን ላለማሳፈር። እኔ አንዲት ሴት በዚህ ዝምታ ልትሞት ስትል አይቻለሁ። ከዚህ በላይ የምመክረው የለኝም፤ መካሪ ለመሆንም አፍ የለኝም።

ይህን ጽሑፍ እናንተ ጋ ከመላኬ በፊት ለሰናይት ሰጠኋት። ኩሽና ውስጥ ቆማ አነበበችው። ስትጨርስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እናቷን ጠራች። እማማ ከክፍላቸው ወጡ።

"እማዬ፣ ቱርክ ላይ ውሃ ጠጪ፣ እረፊ ብሎሻል?"

"ስንቴ ልንገርሽ? ለምኖኛል። እኔ ነኝ..."

"እማማ፣ ይበቃል" አልኩ። "አይዋሹልኝ። ሁሉንም ጽፌዋለሁ፤ አንብባዋለች።"

እማማ ወረቀቱን አዩት፣ ልጃቸውን አዩ፣ በመጨረሻ እኔን አዩኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ሐዘኔታ ብጤ ነው ያየሁት።

"በል እንግዲህ ቻለው" አሉኝ። "እሷ እንደኔ አይደለችም፤ ዝም አትልልህም።"

ወደ ክፍላቸው ተመልሰው በሩን ዘጉት። ሰናይትም ዝም አላለችም።